ከውስጥ የሚቀረቀር በር

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ጥሩ ዘበኛ የሚባለው ቁልፉን ከኪሱ የማያወጣ ነበር። እኔ ቱፋ እዚሁ አዳማ ሃያ ዓመት ሙሉ የእህል መጋዘን ጠብቄ አንድ ኩንታል አልጠፋብኝም፤ እና ጡረታ ስወጣ ሰው ጠቁሞኝ አንድ የሴት ልጆች ማረፊያ በር ላይ ተቀጠርኩ። ልጆቹ ደላላ ሥራ አስገባችኋለሁ ብሎ አታሎ የወሰዳቸው፣ ቤት ተዘግቶባቸው ለወንድ ሲሸጡ የነበሩ ናቸው። እዚያ ይታከማሉ፣ ስፌት ይማራሉ፣ ቀስ እያሉ ያገግማሉ። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? እንደ መጋዘኑ ቆለፍኩ! የማውቀው እሱን ነዋ!

ሃዊ የምትባል ከሻሸመኔ በኩል የመጣች ልጅ ነበረች። በየቀኑ ትመጣና "አባባ፣ ይክፈቱልኝ" ትላለች። እከፍታለሁ። ሦስት እርምጃ ትወጣለች፣ ግራ ቀኙን ታያለች፣ ትመለሳለች። "ምን ረስተሽ ነው?" ስላት "ምንም"። በማግስቱም ያው፤ በማግስቱም ያው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰለቸኝ። አንድ ቀን ምሳ እየበላሁ ሳለ መጣች። "አባባ፣ ይክፈቱልኝ።" "ቆዪ፣ ምሳዬን ልጨርስ!" አልኳት። ሁለት ጉርሻ እንኳ ሳልጎርስ አጥሩ ላይ ወጥታለች! አጥሩ ደግሞ ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ የተተከለበት ነው። መዳፏ ተተለተለ።

የቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ሰናይት አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "አባባ ቱፋ፣ የነበረችበት ቤት በሩ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነበር። እዚህም እንደዚያ ከሆነባት ጥላን ትሄዳለች፤ ከሄደች ደግሞ መንገድ ላይ የሚጠብቃት ያው ደላላ ነው" አለችኝ። አፈርኩ። በዚህ ሽበቴ አፈርኩ።

ታዲያ ወይዘሮ ሰናይትን አስፈቅጄ ሌላ ቁልፍ አስቀረጽኩና ለሃዊ ሰጠኋት። በፋሻ በተጠቀለለ እጇ ተቀበለችኝ፣ ከፈተች፣ ወጣች። ሦስት እርምጃ አልኩ፣ አራት አልኩ፣ ወደ አስፋልቱ ታጠፈች! "ቱፋ፣ ልጅቷን በገዛ እጅህ ሸኘሃት" አልኩ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ቁልፉ ቋ አለ፤ ሙዝ ገዝታ መጣች። "የት ነበርሽ?" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። "ይብሉ፣ አባባ" አለችኝ፤ በላሁ።

ዛሬ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፣ ቤትም ተከራይታለች። ባለፈው እሑድ "መቀርቀሪያ ይግጠሙልኝ፤ ከውስጥ ይሁን" ብላ ጠራችኝ። ገጠምኩ። "እስቲ ይውጡና እንሞክረው" አለች። ወጣሁ፤ ቀረቀረች። ፀሐዩ አናቴን ሲለኝ "ኧረ ሃዊ፣ ክፈቺልኝ!" ብዬ ባንኳኳ ከውስጥ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

"ይቆዩ፣ ምሳዬን ልጨርስ!"

እና ቆምኩ። ምን አባቴ ላድርግ፣ በሩ የእሷ ነው! ሃሃ!