በትኩሱ የተለካ ሽቦ

ቁጡ ነኝ፤ ይህን ከመነሻው ልናገር። በኮሪደር ስመጣ ተማሪዎቼ ድምፃቸውን የሚቀንሱት ስለሚወዱኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዚያን ዕለት ግን የምቆጣበት በቂ ምክንያት ነበረኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን፣ «ሙቀት ሲጨምር የሽቦ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ሽቦው ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙ፣ ምን ይሆናል? ይህን የምትመረምሩበትን ዕቅድ ሠርታችሁ አምጡ» ብዬ አዝዤ ነበር። ግማሾቹ ዕቅዱን ትተው ውጤቱን ይዘው መጡ። ሳይለኩ! ቁጥሩን ከመጽሐፍ ገልብጠው፣ ግራፉን በማስመሪያ አሳምረው። ከሁሉም የምተማመንባት ልጅ ደግሞ ጭራሽ ባዶ እጇን መጣች።

ማታ ከሥራ ስወጣ የተቃጠለ ቬንቲሌተሬን ተሸክሜ ሞተር ወደሚጠገንበት ሱቅ ጎራ አልኩ። በሩ ላይ ማን ቆማ ባገኝ ጥሩ ነው? ያቺው ተማሪዬ። ዩኒፎርሟን አልቀየረችም፤ ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል።

«አንቺ! ዕቅዱን ሳትሠሪ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የአባቴ ሱቅ ነው፣ ቲቸር። ዕቅዱን ልሠራ ነበር የመጣሁት፤ ዕቃ አትነኪም አሉኝ።»

ተከትያት ገባሁ። የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለባቸው መዘውሮች ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ የቫርኒሹ ሽታ ይሰነፍጣል። በስተጀርባ ፍሪጅ የሚያህል የብረት ምድጃ ያጉረመርማል። አባቷ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንድ የተበታተነ ሞተር ላይ አጎንብሰዋል። እንዳዩኝ ቀና አሉ።

«እንኳን መጡ፣ ቲቸር! ከዚች ልጅ ይገላግሉኝ። ጠዋት ማታ ጭቅጭቅ! እዚህ ሞተር ይጠቀልልልኝ የነበረው አጎቷ ሰረቀኝ፣ አባረርኩት፤ አለቀ። የሚስቴ ወንድም ስለሆነ ዝም ልበል?»

«አልሰረቀም» አለች ልጅቱ።

«ዝም በይ!»

«ዝም አልልም፣ አባባ። ሱቅ በር ላይ ሌባ ብለው ከጮኹበት ወዲህ አንድም ጋራዥ አይቀጥረውም። ልጆቹን ትምህርት ቤት 'የሌባ ልጆች' እያሏቸው ነው። እማዬም እርስዎን ማናገር ትታለች። ዝም አልልም።»

እንዲህ «እርስዎ» እየተባለ የተነገረ ቁጣ ሰምቼ አላውቅም። ልጅቱ ከአክብሮቱ አንዲት ቃል አላጎደለችም፤ ከንዴቷም እንዲሁ።

«እንዴት አወቁ ግን መስረቁን?» አልኳቸው።

ከምስማር ላይ አንድ የሽቦ ጥቅል አወረዱ። «ይኼ ናሙናዬ ነው፤ በገዛ እጄ የጠቀለልኩት። ሬዚስታንሱ ሲለካ አሥር ኦም ነው። የዚህ ሞተር ጥቅል ሁሉ አሥር ኦም መሆን አለበት። እሱ የጠቀለለውን ግን ቫርኒሽ ነክረን፣ ምድጃ ውስጥ አድርቀን አውጥቼ በለካሁት ቁጥር ከአሥራ ሁለት በላይ! ኦም ጨመረ ማለት ሽቦው ቀጠነ ማለት ነው። ወፍራሙን ይሸጣል፣ በቀጭን ይጠቀልልልኛል። እጅ ከፍንጅ ነው የያዝኩት።»

«ቀጭኑን ሽቦ አይተውታል?»

«ከላይ ከላዩማ ወፍራም ነው። ሌባ ሞኝ መሰለዎት እንዴ? ውስጥ ውስጡን ነው በቀጭን የሚጠቀልለው! ቫርኒሽ ከጠጣ በኋላ ማን ፈትቶ ያየዋል?»

ደሜ ፈላ። አንዲት ቀጭን ሽቦ በዓይናቸው ሳያዩ የሰውን ልጅ ሌባ ብለው ከእንጀራው አፈናቀሉት! ልናገር አፌን ስከፍት ልጅቱ ቀደመችኝ።

«አባባ፣ ቀጭን ሽቦ ኦሙ ይበዛል ያሉት እውነት ነው። ግን ኦም የሚጨምረው በመቅጠን ብቻ ነው ያለዎት ማነው?»

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ የማውቀውን ልታስተምሪኝ ነው?»

«ልጠይቅዎት ነው። ናሙናውን የሚለኩት መቼ ነው?»

«ጠዋት፣ ሱቅ እንደከፈትኩ።»

«ቀዝቃዛውን?»

«ታዲያ ልቀቅለው ኖሯል?»

«የአጎቴንስ?»

«ከምድጃ እንደወጣ አልኩ እኮ!»

«ትኩሱን ማለት ነው።»

«ደንበኛ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ እስኪቀዘቅዝ እሹሩሩ ልበለው እንዴ? ሽቦ ሽቦ ነው! ቢሞቅም ቢበርድም ያው መዳብ ነው። ድሮም ለክተናል፤ ድሮ ይኼ ሁሉ ጣጣ አልነበረም።»

«ድሮ ምድጃ አልነበረም» አለች። «ድሮ ጥቅሉ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ አድሮ፣ በማግስቱ ነበር የሚለካው። ምድጃ ገዙ፣ ኦም የሚለካ አዲስ ቴስተር ገዙ። አለካኩን ግን ቆም ብለው አላሰቡበትም። ሙቀት ኦሙን ይጨምረው እንደሆነ እዚሁ ልመርምር።»

እዚህ ላይ አንባቢዬን አንድ ነገር ልበል። አዲስ መሣሪያ መግዛት ሥልጣኔ የሚመስለው ሰው ስንት ነው! ቴስተሩ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ግን ቴስተሩ አይናገርም። እሱን ማሰብ የሰው ሥራ ነው። ሳያስብ የሚለካ ሰው ጨርሶ ከማይለካው የባሰ ነው፤ ስህተቱን በቁጥር አስደግፎ ይዞራልና።

አባቷ እጃቸውን አወናጨፉ። «እሺ፣ በቃ! አንዱን የሱን ጥቅል አሙቂና ለኪ፤ ይብቃን።»

«አይሆንም። መጀመሪያ ዕቅዱ።»

«ለአንድ ሽቦ ደግሞ ምን ዕቅድ ያስፈልገዋል? ድልድይ ልትሠሪ ነው?»

ልጅቱ ጠመኔ አንስታ የሥራ ጠረጴዛው ብረት ላይ ትጽፍ ጀመር። እየጻፈች ትናገራለች፤ ስትናገር እኔ ክፍል ውስጥ ስቆጣ የምናገረውን ትመስላለች። «የምለውጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙቀቱን። ጥቅሉ ያው፣ ቴስተሩ ያው፣ የቴስተሩ ገመድም ያው። የገመዱ የራሱ ኦም እንዳይደመርብን ሁለቱን ጫፍ አገናኝቼ አስቀድሜ እለካዋለሁ፤ ከውጤቱ እቀንሰዋለሁ። ጥቅሉ ምድጃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ገመዱ በአየር መውጫው ቀዳዳ ይወጣል። ሃያ ዲግሪ ላይ፣ አርባ ላይ፣ ስልሳ ላይ፣ ሰማንያ ላይ እለካለሁ። ከዚያ ደግሞ እየቀዘቀዘ ሲሄድ እንደገና።»

«ሲቀዘቅዝ ደግሞ ለምን? ቁጥሩ አንዴ ጨምሮ ካየሽው አይበቃም?»

«አይበቃም። ቀዝቅዞ ወደ አሥር ካልተመለሰ ምድጃው ሽቦውን አበላሽቶታል ማለት ነው። ከተመለሰ ግን የጨመረው በሙቀቱ ነበር፤ ሌላ ሰበብ አንፈልግም።»

ሐሳቧ ውሃ የሚያነሳ መሆኑ ለአባቷ ገብቷቸዋል፤ ፊታቸው ግን አልፈታም።

«የሚለካው ደግሞ» አለች፣ «የአጎቴ ጥቅል አይደለም። የሱን ብለካ 'ቀጭን ስለሆነ ነው' ይሉኛል። እኔ ብጠቀልል 'አጎቷ አስተምሯታል' ይሉኛል። የሚለካው ናሙናው ነው።»

«ናሙናዬን አትነኪም!» ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት፤ ብሎኖቹ ዘለሉ። «ይኼን ያህል ዓመት ማንም አልነካውም!»

ከዚህ በላይ መታገስ አልቻልኩም። «የሰው ስም ከቆሻሻ ጥለው ለጥቅል ሽቦ ይሳሳሉ?» ብዬ ጮኽኩ። «እውነት እጅ ከፍንጅ ከያዙት ምን ያስፈራዎታል?»

አባቷ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«ከማሞቄ በፊት ይናገሩ» አለች ልጅቱ፣ ጠመኔውን እንደያዘች። «ሰማንያ ዲግሪ ላይ ስንት ይሆናል?»

«አሥር! ስንት ሊሆን ነው?»

«ጻፍኩት። እኔ ደግሞ ከአሥራ ሁለት በላይ ብያለሁ።»

ቦርሳዬ ውስጥ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ነበረኝ፤ ከጥቅሉ ጋር አስጠግተን አስቀመጥነው። ቀዝቃዛው ናሙና አሥር ኦም አለ። አባቷ ቸኩለው የምድጃውን ማዞሪያ በአንድ ጊዜ መጨረሻው አደረሱትና ወዲያው ቴስተሩን ሊያዩ አጎነበሱ።

«አባባ! ምን እያደረጉ ነው?» መልሳ አዞረችው። «ላዩ ሲሞቅ ውስጡ ገና አልሞቀም እኮ! ሙቀቱ እኩል እስኪደርስ፣ ቁጥሩም መንቀሳቀሱን እስኪያቆም እንጠብቃለን።»

«ልጅ አሳድጌ ልጅ ይቆጣኝ ጀመር» አሉ፤ ግን ጠበቁ።

አርባ ላይ ቁጥሩ አሥር ነጥብ ስምንት ሆነ። ስልሳ ላይ አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት። አባቷ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ሰማንያ ላይ ረጋ እስኪል ጠበቅን፤ አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት።

«ባትሪው ደክሞ ይሆናል» አሉ። አዲስ ባትሪ ከመሳቢያ አውጥተው በእጃቸው ቀየሩ። አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት።

ልጅቱ አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው። «አባባ፣ ከናሙናዎ ላይ ሽቦ የሰረቀው ማነው?»

እኔ እንኳን፣ ቁጣ የማያስደነግጠኝ ሴትዮ፣ ደነገጥኩ። አባቷ ግን አልተቆጡም። ወንበር ስበው ምድጃው ፊት ተቀመጡ። ምድጃው ጠፍቶ፣ በሩ ተከፍቶ ጥቅሉ ሲቀዘቅዝ ቁጥሩን አንድ በአንድ እያዩ፣ ደንበኛ ሲመጣ «ዛሬ ሥራ የለም» እያሉ ቆዩ። ጥቅሉ ሲበርድ ቴስተሩ አሥር ላይ ተመለሰ።

«ሰኞ ሥራ ይግባ» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ መሬት እያዩ። «ለእናትሽ ንገሪያት፤ እሷ ትንገረው።»

ልጅቱ ዘላ ተነሳች። «እማዬ ናት እንዴ ሌባ ያለችው?»

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ እንኳን ቢያናግሩልኝ፣ ቲቸር። እርስዎን ይሰማል።»

«እኔ አላናግርም!» አልኩ። «በገዛ አፍዎ ያሉትን በገዛ አፍዎ ይመልሱ።»

በማግስቱ ሄዱ፤ ልጅቱና እኔም ተከተልን። ከሱቃቸው ጀምረው በመንገዱ ያሉትን ጋራዦች አንድ በአንድ እየገቡ፣ «ያ ሰው አልሰረቀኝም፤ አለካኬ ነው የተሳሳተው» አሉ። አንዱ ሳቀባቸው። አንዱ «እኛማ እርስዎን አምነን ነው ሰውዬውን የመለስነው» ብሎ ፊቱን አዞረባቸው። ላብ አጠመቃቸው፤ አላዘንኩላቸውም።

አጎቷ ቤት ስንደርስ በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ቆመ። ግቡም አላለ።

«ይቅርታህን ጓዳ ውስጥ ልታደርገው ነው የመጣኸው?» አለ።

«መንገዱን ሁሉ ተናግሬ ነው የመጣሁት» አሉ አባቷ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሽቦው በሙቀት ኦሙ ይጨምራል፤ እኔ ደግሞ በትኩሱ ነበር የምለካው። ልጄ አሳየችኝ። አላወቅኩም ነበር።»

«አለማወቅህን አልቀየምህም። እኔም አላውቅም ነበር። ግን 'እስኪ እንይ' ብለህ አንድ ቀን እንኳን አልጠየቅከኝም። ፍታው፣ እንየው ብልህ እምቢ አልክ።» አጎቷ ድምፁን አላነሳም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር ብዬ አሰብኩ። «እመጣለሁ፤ ልጆች አሉኝ። ግን ከእንግዲህ ጥቅል የሚለካው አብሬህ ቆሜ ነው።»

«ይሁን።»

«ደግሞም አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከኔ በፊት የነበረውስ? ምድጃው የመጣ ሰሞን ያባረርከው፣ ያ ከሲታው። እሱንም ሌባ ያልከው በአሥራ ሁለት ኦም አልነበረም?»

አባቷ ረስተውት ነበር፤ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም የምቆጣበት ቃል አጣሁ።

ዛሬ በዚያ ሱቅ ከምድጃ የወጣ ጥቅል ከናሙናው አጠገብ ያድራል፤ ሁለቱ እኩል ሲበርዱ ጎን ለጎን ይለካሉ። ደንበኛ «ለምን ዛሬ አትሰጡኝም?» ሲል አባትየው ራሳቸው ቆመው ያስረዱታል፤ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ያስረዱታል። በስህተት «ቀጭን ነው» ተብሎ ተፈትቶ የሚጣል ደህና ሽቦ የለም። ሠራተኛ በጥርጣሬ አይሠራም፤ ጥፋት ቢኖር እንኳን ተመርምሮ ነው የሚታወቀው። የልጅቱ ዕቅድ ክፍል ውስጥ ተነቧል፤ ገልብጠው የመጡትንም አንድ በአንድ እንደገና አስለክቻቸዋለሁ። አጉረመረሙ፤ ይበላቸው። ሳይለኩ መጻፍና ሳይመረምሩ መፍረድ አንድ ነገር መሆኑን ዛሬ ካልተማሩ፣ ነገ ሱቅና ቢሮ ሲከፍቱ የሚያባርሩት ሰው አያጡም።

አባትየው እሁድ እሁድ ሱቁን ዘግተው ያን ከሲታ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ተከራይቶ የነበረበት ቤት ሄደዋል፤ የሠራባቸውን ቦታዎች ሁሉ ጠይቀዋል። የድሮ አከራዩ እንደነገረቻቸው፣ በሰፈሩ የሚቀጥረው ሲያጣ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄዷል፤ ወዴት እንደሄደ ለማንም አልተናገረም። እስካሁን አልተገኘም።