ሸዋገነት ቡርቦን ስትቀምስ

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ማን ልበል?... እንዴ፣ ኢትዬ! አካም ጂርታ የኔ ልጅ?... ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከተማችን ጌዶም ደህና ናት፣ ጭቃው ነው እንጂ።... አዎ፣ ጠርሙሱ ደርሶናል። የሚኒባሱ ረዳት ከአምቦ ጀምሮ እንደ ሕፃን ታቅፎት ነው የመጣው። «ኦቦ ዋቅቶላ፣ ምን ተልኮልዎት ነው?» ይለኛል።... ቡር... ምን አልሽው? ቡርቦን። የአሜሪካኖቹ ውስኪ። ያ ዩኒቨርሲቲያችሁ ሲያስተምር የነበረው አሜሪካዊ ሲሰናበት የሰጠሽ ነው?... አገሩም እንደ ልብ አይገኝም? ጉድ ነው!

— ሸዋዬ! ልጅሽ ናት፣ ኢትዮጵያ!... እጇን እየታጠበች ነው፣ መጣች።

— አልቀመስነውም፣ አንቺን ስንጠብቅ።... እሺ፣ አልዋሽሽም፣ እሳቱ ቀምሷል። እናትሽን አታውቂያትም? አረቄ ተብሎ በእሳት ሳታየው ትቀራለች? በክዳኑ ለክታ ፍሙ ላይ ረጨችዋ! እኔ ደግሞ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ቦግ ሲል ጺሜን ለበለበኝ።... ሳቂ፣ ሳቂ! እሷም ስትስቅብኝ ነው ያረፈደችው። «ይሄስ ውሃ አልነካውም» አለች።... ስንት? ከመቶው ስልሳ ስድስቱ አልኮል? ታዲያ ጺሜ ምን ያድርግ!

— እ?... አዎ፣ መጥቷል። ሚልኪያስ ይባላል፣ ከሸነን ነው። ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል። አይሱዙ በር ላይ አቁሞ፣ የእናትሽን የአረቄ ማውጫ ድስትና ቱቦ ገዝቶ ሊጭን።

— ትንሽ ታገሠኝ ወንድሜ ሚልኪያስ፣ ልጄ ናት።

— እኔስ መቼ ወደድኩት? ግን ምን ላድርግ። ከኮሮናው ወዲህ ይኸው ስምንት ወር፣ ምላሷም አፍንጫዋም እንደሞተ ነው። «የማልቀምሰውን ለሰው አላጠጣም» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። እውነቷን ነው። መጀመሪያ የሚወርደው አረቄ ሰው ይጎዳል፤ እሱን ለይታ የምትደፋው በምላሷ ነበር።... ማልቀስማ አላለቀሰችም። እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።... እንዴት አልጸልይም? ዛሬም ኪዳነ ምሕረት ሄጃለሁ። ብዙ አላወራሁም፣ እንደው ቆሜ መጣሁ።

— እሺ፣ እየቀዳሁ ነው። ከምን እንደተሠራ ግን እንዳትነግሪኝ! ጽሑፉ የፈረንጅ ነው፣ እኛ አናነበውም። መጀመሪያ እሷ ትበል።... ለሚልኪያስም ቀዳሁለት፣ እንግዳ አይደል።... በትንሹ ፉት እያሉ ነው? እሺ፣ እነግራቸዋ— ሚልኪያስ! ኧረ ተው!

— ገለበጠው። እንደኛ አረቄ፣ አንዴ!... የለም፣ በሕይወት አለ። ደጅ ወጥቶ የውሃ እንስራው ላይ ተደፍቷል።

— በይ፣ አሁን እናትሽ አፏ ውስጥ አደረገችው።... ቆይ።... ቆይ ልጄ።

— «እሳት ነው» አለች። እሳት ብቻ።... ምንም። ሌላ ምንም የለውም ትላለች። ብርጭቆውን አስቀመጠችው።... «ለሰውየው ዕቃውን አውጣለት» ትለኛለች።... ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?... ምን? ውሃ? ይሄ ነገር ውሃ ይጨመርበታል? እናትሽ አረቄዋን በውሃ የምታበዛ ሴት ስታይ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ!... እ... አልኮሉ ሽታውን አፍኖ ይይዘዋል? ጠብታ ውሃ ሲያገኝ ይለቀዋል?... እሺ፣ አንቺ ካልሽ።

— ሸዋዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ አይደለሁም፣ ልጅሽ ናት ያለችው።... አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ግድ የለሽም፣ ያዢው።

— በማንኪያ ጫፍ ነው የማንጠባጥበው።... አንድ... ሁለት... ሦስት።... የጉድጓድ ውሃ ነው፣ አምቦ ውሃማ አላደርግበትም!

— እያሸተተች ነው።... ገና ነው።... ዓይኗን ጨፈነች።... ቀስ በይ ልጄ፣ እኔም እየጠበቅኩ ነው።

— እ? ሸዋዬ፣ ምን አልሽ?

— ይሸተኛል አለች! በወይራ የታጠነ እንስራ ዓይነት ይሸተኛል አለች!... አሁን ቀመሰችው።... በምላሷ እያዞረችው ነው... «በቆሎ!» አለች። በቆሎ ነው ትላለች! የደረቀ በቆሎ፣ ጌሾ የሚባል ያልነካው!... በይ ንገሪን፣ ከምንድን ነው?... ምን? ድገሚው፣ በሞቴ ድገሚው!

— ሸዋዬ፣ በቆሎ ነው! በቆሎ ነው ትላለች! የሚያስቀምጡበትን በርሜልም ውስጡን በእሳት ያቃጥሉታል አለች! ሁለቱንም አገኘሻቸው!

— ኢትዬ... አሁን አለቀሰች። አሁን ገና ነው ያለቀሰችው።... እኔ? እኔን ተይኝ።... ገለቶሚ፣ ዋቃዮ፣ አምላኬ። ገለቶሚ።

— ና ግባ ሚልኪያስ። ወንድሜ፣ ቅር እንዳይልህ፣ ዕቃው አይሸጥም።... አውቃለሁ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ ለፍተህ። እኔን ይቅር በለኝ።... ምን? ሃ ሃ ሃ! ኢትዬ፣ ሰማሽው? «እንኳን ቀረ፣ ከዛሬ ጀምሮ አረቄ የሚባል ደጄ አይደርስም» ይላል!

— አለሁ፣ አለሁ።... እናትሽማ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ምን እንደምትፈልግ እንጃ።... ክዳን ሲከፈት ይሰማኛል። የምሳውን ሽሮ መሰለኝ።... እኔ ነኛ የሠራሁት! ስምንት ወር ሙሉ ወጡን የምሠራው እኔ አይደለሁ? እሷም አንድ ቀን ሳታጓድል «ይጣፍጣል፣ እጅህ ይባረክ» እያለችኝ ነው የከረመችው።

— አቤት ሸዋዬ?... ምን?

— ሰማሽ? ስትጮህ ሰማሽ? «ይሄን ነው ስታበላኝ የከረምከው?» ትለኛለች! ሽሮው ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ጨውም ቆልለህበታል ትላለች!... ኧረ ተመስገን! ድገሚው ሸዋዬ፣ ጮክ በይ፣ ልጅሽም ትስማው!... ሽንኩርቱንም አሳርረኸዋል አለች! ዘንድሮ እንዲህ ያለ ምርቃት ሰምቼ አላውቅም!

— መጣሁ፣ መጣሁ!... ማማሰያውን ይዛ እየመጣች ነው፣ ልዝጋው ልጄ። ቻው፣ ቻው!