እትዬ ሸጊቱ በእጃቸው የፈረሙት ወረቀት

የምስክር ቃል

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ዶርቃ ወጋየሁ ዳና
ዕድሜ፦ 33
ሥራ፦ በጎልማሶች ትምህርት ማዕከል የተማሪዎች ድጋፍና ክትትል ሠራተኛ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ጉዳዩ፦ በወ/ሮ ሸጊቱ በዳዳ ስም ሐሰተኛ ፊርማ ተፈርሟል በሚል የቀረበ አቤቱታ
ቃሉን የተቀበለችው፦ ዋና ሳጅን ዚነት ሃምዛ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው እኔ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ጎልማሶች በሚማሩበት ማዕከል ላለፉት ስድስት ዓመታት ሠርቻለሁ። አስተማሪ አይደለሁም። የሚያስተምረው ብሩኬ የተባለ ባልደረባዬ ሲሆን የእኔ ሥራ ስም መመዝገብ፣ የቀረ ሰው ሲኖር ስልክ መደወል፣ ካላነሣም ቤቱ ድረስ መሄድ፣ የፈራውን ማደፋፈር፣ ያኮረፈውን ማባበል ነው። የሃምሳ ዓመት ሰው ሲያኮርፍ ከሕፃን ይብሳል፤ ስለዚህ ሥራ ፈትቼ አላውቅም።

ወ/ሮ ሸጊቱ በዳዳን የማውቃቸው ከጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም ጀምሮ ነው። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ ነው። ሀይሌ ጋርመንት ከሚባለው ሰፈር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኝ ግቢ፣ ከሟች ባለቤታቸው ጋር በሠሩት ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ሦስት ላሞች አሏቸው፤ ወተቱን እኛ ኮንዶሚኒየም ድረስ አምጥተው ይሸጣሉ። ሲመዘገቡ ምን መማር እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው «መፈረም» አሉኝ። ሌላስ ብላቸው «መፈረም ብቻ። ጣቴን ይዘው ቀለም ውስጥ ሲነክሩኝ ከብት የሚተኩሱ ነው የሚመስለኝ» አሉ። ስቀናል። እሳቸው ግን የሳቁት ከእኛ በኋላ ነው።

በማዕከላችን አንድ ልማድ አለ። አዲስ ተማሪ በየዕለቱ የስም መቆጣጠሪያው ላይ ከስሙ ጎን በጣቱ ያትማል። ስሙን መጻፍ ሲችል ግን ዓርብ ቀን በተማሪው ሁሉ ፊት እጁን በሳሙና ታጥቦ በእስክሪብቶ ይፈርማል፤ ቤቱ በእልልታ ይቀልጣል። ከዚያ በኋላ ጣቱን ቀለም አያስነካም። ረስቶ ቀለሙን ወደ ራሱ የሳበ ሰው ይሳቅበታል። ይህን ልማድ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እኮራበትም ነበር።

ወ/ሮ ሸጊቱ ዓርብ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም ፈረሙ። በጊዜው ደህና አድርገው የሚያውቁት የስማቸውን ሦስት ፊደላት ብቻ ነበር። ሲፈርሙ ሦስቱን ይጽፉና የመጨረሻዋን ፊደል ጫፍ ሳይለቁ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ አዙረው በመሐል ይቋጩታል። ይህን ማንም አላስተማራቸውም። ብሩኬ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቃቸው «እንዳታመልጥ አስሬያት ነው» ብለውታል። እንዲህ የሚፈርም ሌላ ሰው በሥራ ዘመኔ አላየሁም።

ረቡዕ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም ከቀኑ በግምት 9፡40 ሰዓት ላይ፣ ትምህርት በመሰጠት ላይ እንዳለ፣ አንድ ሰው ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ። ለሜሳ ጉደታ እንደሚባልና የወ/ሮ ሸጊቱ ሟች ባለቤት የታላቅ ወንድም ልጅ መሆኑን ነገረኝ። በትሕትና ነበር የሚናገረው። ወ/ሮ ሸጊቱን ከክፍል ጠራሁለት። ለምን እንደመጣ ሲጠይቁት «የመብራት ቆጣሪው ወረቀት ነው። ዛሬ ካልገባ ሊቆርጡብሽ ነው» ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ የጣት ቀለም አይጠፋሽም መቼም» አለኝ።

ወ/ሮ ሸጊቱም እንደ ድሮው ጣታቸውን ዘረጉ። እኔ ቀለሙን ከፊታቸው አንሥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። «እትዬ ሸጊቱ፣ ምን ተባብለናል? እርስዎ እኮ ፈራሚ ነዎት» አልኳቸው። ለሜሳ ደንገጥ ብሎ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየ። «ትችያለሽ እንዴ?» አላቸው። የራሴን እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። ወረቀቱ እንዳይንሸራተትባቸው መዳፌን ከላይ በኩል ጫን አድርጌ ያዝኩላቸው። መዳፌ ያረፈው ጽሑፉ ላይ ነው። ስማቸውን ጽፈው፣ ሁለት ጊዜ አዙረው ቋጩት። አጨበጨብኩ። ብሩኬም ከነተማሪዎቹ ወጥቶ እልል ተባለ። ለሜሳም «ጎበዝ» ብሏቸው ወረቀቱን አጥፎ ሄደ።

ወረቀቱን አንብበሽው ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አላነበብኩም ብያለሁ። ምክንያቱን ስጠየቅም እንደሚከተለው ተናግሬአለሁ። ተማሪው ራሱ አንብቡልኝ ካላለ በቀር ወረቀቱን አለማንበብ የማዕከሉ ሠራተኞች ደንብ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የአንዲት ተማሪ የሕክምና ወረቀት በሠራተኛ ተነቦ፣ ወሬው ሰፈር ደርሶ ሴትየዋ ከትምህርት ቀርታለች። ሦስት ጊዜ ቤቷ ሄጄ በር አልከፈተችልኝም። ከዚያ ወዲህ የተማሪ ወረቀት ፊቴ ሲቀመጥ ዓይኔን ዞር ማድረግ ለምዶብኛል። የዚያን ዕለትም ዞር አደረግሁት። ሊነበብ የሚገባው ወረቀት ከእጄ ሥር ነበር፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

በሚያዝያ ወር መጨረሻ ወ/ሮ ሸጊቱ በተከታታይ ሁለት ቀን ስለቀሩ ቤታቸው ሄድኩ። ልጃቸው ሌንሳን የወረቀቱን ግልባጭ ይዛ አገኘኋት። ለሜሳ ቤቱን በአንድ ወር ውስጥ እንዲለቁ ብሎ ከማስጠንቀቂያ ጋር የላከው ነው። በወረቀቱ ላይ ቤቱና ግቢው የለሜሳ አባት ንብረት መሆኑን፣ ወ/ሮ ሸጊቱም በእሱ ፈቃድ ተጠግተው የሚኖሩ መሆናቸውንና በተጠየቁ ጊዜ እንደሚለቁ «አንብቤና ተረድቼ ፈርሜአለሁ» የሚል ሰፍሯል። ወ/ሮ ሸጊቱ «እኔ የፈረምኩት የቆጣሪውን ነው፤ ይሄን አላውቀውም» ይሉ ነበር። ሌንሳም እናቷን አምና ፊርማው የእናቴ አይደለም ስትል ለፖሊስ አቤቱታ አቀረበች። ቤታቸው በሄድኩ ጊዜ ግልባጩ ላይ ያለውን ፊርማ አይቼ የማን እንደሆነ ለይቼዋለሁ። ለሌንሳ ግን ሳልነግራት ወጣሁ።

ዛሬ ዋናው ወረቀት ቀርቦልኝ ፊርማውን ታውቂዋለሽ ወይ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። አውቀዋለሁ። የወ/ሮ ሸጊቱ ፊርማ ነው። ቀለሙም አረንጓዴ ነው፤ በዚያ ሰሞን እኔ የምጽፍበት እስክሪብቶ አረንጓዴ ነበር።

በዕለቱ ወ/ሮ ሸጊቱ የወረቀቱን ጽሑፍ ማንበብ ይችሉ ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አይችሉም ነበር ብያለሁ። ዋና ሳጅን ዚነት ከማዕከሉ ያስመጣችውን የክትትል መዝገብ አሳይታኛለች። በመዝገቡ ላይ ዓርብ ጥር 9 ቀን፣ ማለትም ይህን ወረቀት ከመፈረማቸው አምስት ቀን በፊት፣ በወ/ሮ ሸጊቱ ስም አንጻር «ማንበብ ትችላለች» በሚለው ስር ምልክት ተደርጓል። ምልክቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ። «አትችልም» የተባለ ተማሪ ወደ ጀማሪዎቹ ክፍል ይመለሳል፤ የተመለሰ ደግሞ አፍሮ ይቀራል። እሳቸው እንዳይቀሩብኝ ብዬ ነው። ለሌሎችም አድርጌአለሁ። አሁን አያነቡም ነበር ብል ማን ያምነኛል? የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው የሚመሰክርብኝ። ለሜሳ ቆጣሪ ማለቱንም ከእሳቸው ሌላ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያጭበረበረው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ለእሱ ማስረጃ ሳዘጋጅለት የከረምኩት እኔ ነኝ።

የምትጨምሪው አለ ወይ ተብዬ ስጠየቅ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ። ዛሬ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ፊርማውን አላውቀውም ልል ወስኜ ነበር። ለጌታም ይቅር በለኝ ብዬ አስቀድሜ ጸልዬበታለሁ። ኮሪደሩ ላይ ግን ወ/ሮ ሸጊቱ ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄ፣ ያየሽውን እውነቱን ብቻ ንገሪልኝ፤ ሌላ አልፈልግም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም። እሳቸው እውነቱ ከእሳቸው ጋር ያለ ይመስላቸዋል።

ያየሁትን ሁሉ ተናግሬአለሁ። ተታለው ነው የፈረሙት የሚለው በደማቁ እንዲጻፍልኝ ዋና ሳጅን ዚነትን ጠይቄ፣ ቃል ሁሉ በአንድ ዓይነት ቀለም እንደሚጻፍና የቀረበው አቤቱታ ፊርማው የእሳቸው ነው ወይስ አይደለም የሚል መሆኑ ተነግሮኛል። ወ/ሮ ሸጊቱ አሁንም ኮሪደሩ ላይ እየጠበቁኝ ነው።

ይህ ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ራሴም ብዕር ከማንሣቴ በፊት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። የሚቀነስ ካለ ተናገሪ ተብዬ ደጋግሜ ፈለግሁ፤ አንድም ሐሰት አጣሁበት። ሁሉም እውነት ስለሆነ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ዶርቃ ወጋየሁ ዳና (ተፈርሟል)

ቃሉን የተቀበለችው፦ ዋና ሳጅን ዚነት ሃምዛ (ተፈርሟል)