የፊልሙ ጠበቃ

(የፊልም ቀረጻ እረፍት ላይ፤ ለፊልሙ ከተሠራው ችሎት ጀርባ ባለች መልበሻ ክፍል ተዋናዩ ናሁሰናይ የጠበቃ ካባ እንደደረበ ተቀምጧል፤ ያሳደጉት አክስቱ ወይዘሮ የውብዳር በሩ ላይ ቆመዋል።)

ናሁሰናይ፦ እታለም፣ ስንቴ ልንገርሽ? እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ይሄ ካባ ራሱ የኪራይ ነው።

የውብዳር፦ ጠበቃ ሁንልኝ ያለህ ማነው? ነገ ጠዋት ችሎት ቀርበህ ያየኸውን መስክርልኝ ነው ያልኩህ።

ናሁሰናይ፦ ነገ ጠዋት ቀረጻ አለኝ። ይቺን የመጨረሻ ንግግር ከማለዳ ጀምረን ስንደጋግማት ዋልን። ዳይሬክተሩ “አላመንኩህም” ይለኛል። ጉሮሮዬ ደረቀ።

የውብዳር፦ እኔም ከበሩ ሆኜ ሰምቼሃለሁ። ሰውየው ልክ ነው።

ናሁሰናይ፦ አንቺም ጀመርሽ?

የውብዳር፦ ምን ላድርግ? አንተ ጠረጴዛ ትደበድባለህ፣ ዳኛው መዶሻ ያነሳል፣ ሐሰተኛው ምስክር ያለቅስና ጉዱን ሁሉ ይዘከዝካል። ያውም በአንድ ቀጠሮ። የኔን ዳኛ ብታየው ጉንፋን ይዞታል፤ ቀና ሳይል ይጽፍ ይጽፍና “ተቀጥሯል” ይላል። መብራት ይጠፋል፣ ወጥተን እንቆማለን። ሁለት ክረምት እንዲህ ተመላለስኩ።

ናሁሰናይ፦ ፊልም እኮ ነው። ሰው ትኬት ቆርጦ ገብቶ ቀጠሮ ሲለወጥ አያይም።

የውብዳር፦ እኔም ባላይ ደስ ይለኝ ነበር።

ናሁሰናይ፦ ለመሆኑ ምን ብዬ ነው የምመሰክረው?

የውብዳር፦ ረሳኸው? ከግቢው ጀርባ ያለችውን ቤት ማን እንደሠራት ነዋ። ቦታውን አባትህ ሰጠኝ፣ ቤቷን እኔ ልብስ ሰፍቼ ባገኘሁት አቆምኳት። ጭቃውን ከጭድ ጋር ያቦካኸው አንተ ነህ። እግርህ ተሰነጣጥቆ ቫዝሊን ስቀባህ አመሽ ነበር።

ናሁሰናይ፦ አልረሳሁም።

የውብዳር፦ እንግዲህ ያ ወንድምህ “አባቴ የሠራው ነው፣ እሷ ጥገኛ ናት” ብሎ ግቢውን ከነቤቴ ሊሸጠው ነው። ያዩት ጎረቤቶች ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ሰፈሩ ሲፈርስ የት እንደገባ አላውቅም። የቀረኸኝ አንተ ነህ።

ናሁሰናይ፦ ልዑልሰገድ ወንድሜ ብቻ መሰለሽ? የዚህ ፊልም ባለገንዘብ እሱ ነው። ግቢው ካልተሸጠ ፊልሙ አያልቅም። እኔ ስንት ዓመት የሰው ዘበኛና ሾፌር ሆኜ ስተውን ኖሬ አሁን ገና ነው ዋናውን ቦታ ያገኘሁት።

የውብዳር፦ ስለዚህ አንተ የውሸት ችሎት እንድትቆም፣ እኔ ከእውነት ቤቴ ልውጣ።

ናሁሰናይ፦ እንደዚያ አላልኩም።

የውብዳር፦ ባትልም መልካም አነጋገር ነው። ለዳይሬክተሩ ንገረውና ንግግሩ ውስጥ ያስገባው።

ናሁሰናይ፦ አታሽሟጥጪብኝ እታለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

የውብዳር፦ እስኪጠራ እኔ የት ልደር?

ናሁሰናይ፦ ቤት ልከራይልሽ ብል እምቢ አልሽ። ምን ላድርግሽ? እኔ በሁለታችሁ መሃል አልገባም። የዘመድ ጥል የሥጋ ትል ነው፤ ዝም ማለቱ ይሻለኛል።

የውብዳር፦ ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት።

ናሁሰናይ፦ አበሳጨሽኝ።

የውብዳር፦ እኔማ አርሬያለሁ። ሰፈሩ ሁሉ በቴሌቪዥን ባየህ ቁጥር “ልጅሽ እንዴት ያለ አንደበት አለው” ይለኛል። እኔም ኩራቴ ነበር። ያ አንደበት ለኔ ሲሆን ተሳሰረ።

ናሁሰናይ፦ በቃ፣ አልቀርብም። ላንቺም ለሱም አልቀርብም።

የውብዳር፦ ለሱማ መቅረብህ አይቀርም።

ናሁሰናይ፦ ምን ማለትሽ ነው?

የውብዳር፦ ምስክሩ አድርጎ ቆጥሮሃል። ባለፈው ቀጠሮ ስምህ በችሎት ተነበበ፤ “አባታችን ቤቱን ሲሠራ ያየ” ተብለህ።

ናሁሰናይ፦ እኔን? ሳያማክረኝ?

የውብዳር፦ እኔም ስንወጣ ደጁ ላይ ያዝኩትና “ልጁን አማክረኸዋል ወይ?” አልኩት። ሳቀብኝ።

ናሁሰናይ፦ ሳቀና ምን አለ?

የውብዳር፦ ተወው ይቅር።

ናሁሰናይ፦ ንገሪኝ አልኩሽ እኮ።

የውብዳር፦ “እሱን ደግሞ ምን አማክረዋለሁ? የሰጡትን ማነብነብ ሥራው ነው” አለኝ።

ናሁሰናይ፦ ልዑልሰገድ? ስለኔ?

የውብዳር፦ ጠበቃው አጠገቡ ቆሞ። እሱም አብሮት ሳቀ።

ናሁሰናይ፦ እታለም፣ ዳይሬክተሩን ጥሪልኝ። ለነገ ሌላ ጠበቃ ይፈልግ።