የአይጥ ዓመት ነው የተባለው ሰው

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ አፈወርቅ ኃይለመስቀል
ዕድሜ፦ 37
ሥራ፦ ባለ ሱቅ
አድራሻ፦ ሞላሌ ከተማ
የግል ተበዳይ፦ ወዳጆ ገብረ አማኑኤል
ተጠርጣሪ፦ አባይነህ ወልደ ጻድቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ የካቲት 20 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት

ቃሌን የምሰጠው ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ ነው። ወዳጆን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አንድ ሰፈር አድገን አንድ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረናል። አባይነህ የወዳጆ ጎረቤት ነው። ከሁለቱም ጋር ጠብ የለኝም።

ከዛሬ ሦስት ዓመት በፊት በመንገድ ሥራ ካምፕ ስሠራ አንድ ቻይናዊ ቀያሽ ወደ አገሩ ሲመለስ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትንሽ መጽሐፍ ሰጠኝ። መጽሐፉ ሰውን በተወለደበት ዓመት በአሥራ ሁለት እንስሳት እየመደበ ጠባዩንና የየዓመቱን ዕድሉን ይናገራል። ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ በገበያ ቀን ለደንበኞች እየተረጎምኩ አነብላቸው ነበር። ሰው ከቦኝ አዋቂ ሲለኝ ደስ ይለኝ እንደነበር አልክድም።

የካቲት 3 ቀን ወዳጆ ጨው ሊገዛ መጥቶ የእሱንም እንድነግረው ጠየቀኝ። በ1965 ዓ.ም. በግንቦት ልደታ ቀን መወለዱን ነገረኝ። ወደ ፈረንጅ ዘመን ለመቀየር ሰባት ደምሬ የአይጥ ዓመት ሰው ነህ አልኩት። መጽሐፉ የሚለው የአይጥ ሰው ብልህና ቆጣቢ ነው፣ ዘንድሮም ሀብቱ ይጨምራል ነው። እኔ ግን ሰዉን ለማሳቅ ስል "ያገኘውን እየወሰደ ይደብቃል፤ ዘንድሮ በጎቹ ይበዛሉ" ብዬ ተናገርኩ። ሁሉም ሳቁ፤ ራሱ ወዳጆም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በገበያው አይጥ እያሉ የሚጠሩት ነበሩ።

የካቲት 13 ቀን መምህርት ትርሲት ሱቄ መጥታ መጽሐፉን ስትመለከት፣ ከጥር ወዲህ ለተወለደ ሰው የሚደመረው ስምንት እንጂ ሰባት እንዳልሆነ አስረዳችኝ። እሷ ስትሄድ የወዳጆን መልሼ አሰላሁ። የበሬ ዓመት ሰው ሆነ። የበሬ ሰው ታጋሽና ታማኝ ነው ይላል። አዋቂ ነኝ ሲል ተሳሳተ እንዳልባል ለማንም ሳልናገር ተውኩት።

የካቲት 15 ቀን የአባይነህ አራት በጎች በጉም ውስጥ ጠፉ። ቅዳሜ የካቲት 17 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ አባይነህ የወዳጆን ጋቢ ጨምድዶ ይዞ፣ ስድስት የሚሆኑ ሰዎች አስከትሎ ሱቄ በር ላይ ደረሰ። የዚህ ሰው ዓመት ምንድን ነው ያልከው ብሎ ጠየቀኝ። አይጥ ነው ብዬ መለስኩ። በዚህ ጊዜ ወዳጆ ወደ እኔ ዞሮ "አፈወርቅ፣ መጽሐፍህን አውጣና እባክህ ደግመህ እየው" አለኝ። መጽሐፉ ቤት ነው ብዬ መለስኩለት። መጽሐፉ ግን እጄ ሥር፣ ባንኮኒው ውስጥ ነበር። አባይነህ በያዘው ዱላ ሁለት ጊዜ ሲመታው አይቻለሁ፤ ሁለተኛው ቀኝ ክንዱን ሰበረው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሁም፤ የሱቄን በር ዘግቼ ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

ሰኞ የካቲት 19 ቀን አራቱም በጎች ጓሳ በሚባለው ጥብቅ የሣር መሬት ላይ ሲግጡ ተገኝተው የጓሳ ጠባቂዎች ነድተው አመጧቸው። ይህን እንደሰማሁ ወዳጆ ወደተኛበት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሚስቱ ጌታነሽ ሾርባ እያጠጣችው ነበር። አስቀድሞ የተሳሳትኩትን ስሌት፣ ቀጥሎም የበሬ ዓመት ሰው መሆኑን ነገርኩት። እስክጨርስ ጠብቆ "እኔን ለማወቅ መጽሐፍ ያስፈልግህ ነበር ወይ?" አለኝ። ጌታነሽ ቀና ብላም አላየችኝ። ዱላውን ያነሳው አባይነህ ነው፤ ከማንሳቱ በፊት ግን የጠየቀው እኔን መሆኑ እንዲጻፍልኝ አመለክታለሁ።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው። የሚታረም ወይም የሚሰረዝ እንዳለ ተጠይቄ፣ መጽሐፉ ቤት ነው ብዬ የተናገርኩት ውሸትም ጭምር እንዳለ ይቀመጥ ብዬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ አፈወርቅ ኃይለመስቀል
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን አንዷለም ይሥሐቅ፣ ፊርማ