ቃሬዛው ላይ ማን ይተኛ?

— ሄሎ? … አቤት ጋሼ! … አዎ፣ እኔው ነኝ፣ የዲዛይን ሠራተኛዋ … ዎርክሾፕ ነኝ … ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ እንዴ? … እንኳን ደስ አለዎት! ሥራ አስኪያጅ ከሆኑ የመጀመሪያዎ አይደል?

— ቃሬዛው? … እሱስ ያምራል … ቆይ ቆይ ጋሼ፣ የትኛውን ነው የወሰዱት? ሁለት አልሠራንም? አንዱ በእኔ ስሌት፣ አንዱ ኮሚቴው እንዳለው … በመስኮቱ በኩል የነበረውን? … ኧረ በሞቴ! … ሙጬ፣ እባክህ ማሽኑን አጥፋልኝ! ጋሼ የኮሚቴውን ይዘው ሄደዋል! … ሄሎ፣ ይሰሙኛል?

— ጋሼ፣ እሱ ላይ ሰው አይተኛም። … አይ፣ ቀለሙ አይደለም፣ ክሩ ነው … የካርቦኑ ክር። በርዝመቱ ሲጎትቱት ብረት ነው፤ በጎኑ ግን የሚይዘው ሙጫው ብቻ ነው … እኮ! ሰው ሲተኛበት ሸክሙ መሀሉ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ስለዚህ አብዛኛው ክር ከራስጌ ወደ ግርጌ መሄድ አለበት። ጥቂቱ ደግሞ ሰያፍ፣ እንዳይጠማዘዝ። ሦስት ወር ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ ያወጣሁት ይሄንኑ ነው።

— እርስዎ ምን አሉ? "የጣውላ መስመር ይመስላል፣ አያምርም" አሉ። ክሩ በወርድ ይሁን፣ ፎቶ ላይ ያብረቀርቃል አሉ … አዎ፣ አስታውሳለሁ፣ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ። ሰባት ለአንድ። አንዷ እኔ ነበርኩ … ኧረ ጋሼ፣ ኮሚቴውን አልናቅኩም! ክሩ ግን ስብሰባው ላይ አልነበረም።

— ማን? … ማን ይተኛል አሉኝ? … አማትዎ?! … ፈቃደኛ ሆነው … እኚያ ሴትዮ ባለፈው ወር አይደል እንዴ ዳሌያቸውን የታመሙት! … ሙጬ፣ አማታቸውን ሊያስተኙ ነው! … አትሳቅ! መኪና ፈልግ፣ የስሌቱን እንጫን! … አይ ጋሼ፣ እርስዎን አይደለም፣ ሙጬን ነው።

— በእናትዎ፣ ሴትዮዋን አያስተኟቸው … ዛሬ ማታ እቤት ምን ብለው ይገባሉ?

— እንግዶቹ ደረሱ? … ታዲያ ባዶውን ያሳዩአቸዋ! … ፈሪ? እኔ ነኝ ፈሪ? … አማትዎን አስነሷቸው? ተመስገን! … ታዲያ ማን ሊ… እርስዎ ራስዎ?! … ጫማዎን እያወለቁ ነው? … ኧረ ጋሼ፣ ጫማው አይደለም ችግሩ! … ቢያንስ ቀስ ብለው ይጋደሙ …

— … ሄሎ? … ምንድነው የተንቋቋው? … ጋሼ! ይሰሙኛል? … ማን ልበል? … አማታቸው ነዎት? እማማ! እርስዎ ደህና ነዎት? … እሳቸውስ? … መሬት ላይ … እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ? … እየተሳደቡ ነው? ይሳደቡ እማማ፣ ጥሩ ምልክት ነው! … እስቲ ይስጡልኝ።

— አቤት ጋሼ … እግዜር ይማርዎ … ምን? እንግዶቹ የታቀደ ሙከራ መስሏቸው አጨበጨቡ? … "ቃሬዛው በይፋ ተፈተነ" ብዬ ሪፖርት ልጻፍ? … እጽፋለሁ፣ ምን ቸገረኝ፣ ውሸትም አይደል … ሙጬ፣ እስክሪብቶ አቀብለኝ … የፈተና ቅጽ ግን ያለ ክብደት አይሞላም ጋሼ … ስንት ኪሎ ነዎት? … ሄሎ? … ሄሎ! … ሙጬ፣ ዘጉብኝ።