ቴፑ የበላው ካሴት

እንዲህ ያለ ዘፈን የሰማችሁ ካላችሁ እስቲ አስረዱኝ። ኮምቦልቻ አብሮኝ የሚያስተምረው ከማል የአንድ ፈረንጅ የሮክ ሙዚቀኛ ካሴት አዋሰኝ። «ከባንዱ ወጥቶ ብቻውን የሠራው ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሌላ ቅጂ የለኝም፣ አደራ!» አለኝ። ከማል ፊት ሁሌ ቃል ስለሚጠፋኝ፣ ስለ ካሴቱ አንድ ደህና ነገር ልነግረው ቆርጬ ነበር። ደሴ ቤታችን ስገባ፣ አክስቴ ዘይነባ መንዙማ በምትሰማበት ቴፕ ከፈትኩት። ብረት ይፋቃል፣ ሰውዬው ያቃስታል፣ ጸጥ ይላል፣ እንደገና ይፋቃል። አክስቴ ከጓዳ ሮጣ መጣች። «ያ ረቢ! ቴፑ በልቶብሻል እኮ፣ ወላሂ! አውጪው!» ክሩን በእስክሪብቶ አጠነጠንን፤ ክሩ የሚነካውን የቴፑን ሄድ በጥጥና በሽቶዋ ወለወለችው። ያው ነው፤ ይፋቃል፣ ያቃስታል።

ሰኞ ዕለት ዓይኑን ሳላይ «ቴፓችን በላብህ» ብዬ መለስኩለት። ከማል መምህራን ማረፊያ ባለው ቴፕ ከፍቶ ጆሮውን አስጠግቶ ቆየ። «ምንም አልሆነም፤ ድሮም እንዲሁ ነው» አለ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «እኔም የተበላሸ እየመሰለኝ ነው ለአንቺ የሰጠሁሽ። አንባቢ ስለሆንሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር። ሙዚቃ ነው?» አለኝ።

«እኔ እንጃ!» አልኩት። ከማል ፊት ሳልጨነቅ የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነበር። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው አጠነጠነና ወንበር ሳበልኝ።